እንጦጦ ጠበል ለምትሄዱ፦ ስለ «እማማ ቤት» ማረፊያ

ጠበል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ማደሪያ ነው። እንጦጦ ላይ ሰው ለጠበል የሚሰለፈው ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ሰዓት ከጀሞ ወይም ከአያት ተነስቶ መድረስ አይታሰብም። ስለዚህ ሰንበት ብሎ መጠመቅ የሚፈልግ ሰው እዚያው ተራራው ላይ ክፍል ይከራያል። የሚያከራዩ ቤቶች ሞልተዋል። ጥሩ አለ፣ ሰው የሚማረርበትም አለ። በዘንድሮው ዐቢይ ጾም የእህቴን ልጅ ይዤ ስላረፍኩበት ቤት ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል። ከፍራሹና ከሽሮው ሌላ የምነግራችሁ ነገር ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን። ከጀሞ ስትነሱ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ ነው። ነጠላ ያልያዘ ሽሮ ሜዳ ላይ ይግዛ፤ የሸማ ገበያው እዚያው መንገድ ዳር ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሚኒባስ ይዛችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ስትራመዱ ትንፋሽ ያጥራል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አይቸኩል። ታክሲው የሚያወርዳችሁ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በእግር ነው።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ባለቤቷን ትልቅ ትንሹ «እማማ» ነው የሚላቸው፤ ቤቱም በዚያው «እማማ ቤት» ሆኖ ቀርቷል። ባሕር ዛፉ መሃል አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው። ከጠፋባችሁ ጧፍና ሻማ የሚሸጡትን ልጆች ጠይቁ፤ ያደርሷችኋል። ግቢው ውስጥ የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች አሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ለየሰው አንድ የስፖንጅ ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስ ይሰጣል። ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ ለሚያድር ለአንድ ሌሊት 150 ብር፣ ክፍሉን ለብቻው ለሚይዝ 400 ብር ነው የከፈልነው። ምግብ ለብቻው ይታሰባል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ሲመጣ እማማ ዋጋ አይናገሩም። «ስትሄድ ያለህን ትሰጠኛለህ» ነው የሚሉት። ይህን ሲያደርጉ ያየሁት በዓይኔ ነው።

ምግቡን ልመስክር። የእማማ ሽሮ ወፍራምና ቅመሙ የበዛ ነው። ምስርና ጎመን ይፈራረቃሉ። አንዳንድ ቀን ሱፍ ፍትፍት ይኖራል፣ እሱ ሲኖር ቶሎ ድረሱበት። ሻያቸው በጦስኝ ነው። ከዚያ ብርድ የሚገባ ሰው የጦስኝ ሻይ በእጁ ሲይዝ ምን እንደሚሰማው ሄዳችሁ እዩት። እንጀራው ትንሽ ይኮመጥጣል፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ የእህቴ ልጅ አልወደደውም።

በጾሙ ወራት አብዛኛው ሰው እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ግን ማዕድ ቤቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ክፍት ነው። ሕመምተኛ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ መድኃኒት በምግብ የሚወስድ አለ። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደዚህ ነው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት ጠዋት በሶ በጥብጠው ሲጠጡ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። እማማ ማን በላ፣ ማን ጾመ ብለው አይቆጥሩም። አንዲት እንግዳ «እኚህ ሰውዬ አይጾሙም እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ «እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ፤ አንቺ ሻይሽን ጠጪ» አሏት። በቁጣ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሲመሽ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ እማማ በየክፍሉ ይዞራሉ። በር ላይ ቆመው «ነገ ላንኳኳ ልጄ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ያንኳኩ» ያላቸውን ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩተው ይቀሰቅሱታል። «አይ» ያላቸውን «ደህና እደር» ብለውት ያልፋሉ። ለምን አይሉም። ፊታቸውም አይለወጥም። በነጋታው ማታ ደግሞ ያንኑ በር መጥተው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሌሊት ሲያንኳኩም አንድ ጊዜ ነው፣ ቀስ ብለው። ተኝቶ የቀረ ሰው ቀረ። ደጋግመው አይደበድቡም።

ሌላም ነገር አለ። የክፍሎቹ መቀርቀሪያ ያለው ከውስጥ ብቻ ነው። ከውጭ የሚቆለፍ አንድም በር የለም። ለዚህ ምክንያታቸውን ጠይቄያቸው ነበር። «ከውጭ የሚቆለፍ በር ለከብት ነው የሚሠራው። እኔ የማሳድረው ሰው ነው፣ እግዚአብሔርን ሊያገኝ የመጣ ሰው» አሉኝ።

ይህ ቤት ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው። ብዙ ማረፊያ ቤት አውቃለሁ። እናቴን ለጉልበቷ፣ አክስቴን ለራስ ምታቷ ይዤ ዞሬያለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ፣ ቤተሰቦቿ ያመጧት ልጅ እግሯ በሰንሰለት ታስሮ አይቻለሁ። በየጠዋቱ ሁለት ወንዶች ብብቷን ይዘው ይወስዷት ነበር። ስትጮህ «ጋኔኑ ነው የሚጮኸው» ይባላል። ምናልባት ነው። እኔ ግን የአንዲት የፈራች ልጅ ድምፅ ነው የሰማሁት። ቤተሰቦቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ተስፋ ቆርጠው ነበር። ቢሆንም ያ ሰንሰለት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የተቃረበ ሰው ካለ ብቻውን አይተውም፣ በጊዜ ሐኪም ጋር ይወሰዳል። ያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰውን በግድ እግዚአብሔር ፊት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ መጥቶ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ጀመረ። ሐኪም አይቶታል፣ መድኃኒትም ይወስዳል። እናቱ ሥራዋን ትታ መሄድ ስላልቻለች እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ይዤው ወጣሁ። ሲነሳ «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ መጠመቁን ግን እዚያ ደርሼ አያለሁ» ነበር ያለኝ። እማማ የመጀመሪያው ማታ መጥተው «ነገ ላንኳኳ?» ሲሉት «አይ» አላቸው። «ደህና እደር» ብለው ሄዱ። ልጁ ተገርሞ አየኝ። ሊቆጡት፣ ሊመክሩት፣ ቢያንስ ሊያዝኑበት እየጠበቀ ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ወር ሙሉ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ያንን ነው።

እኔ ለብቻዬ ተነስቼ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በሌላ በኩል ተሰልፎ ይጠብቃል። አባቶች ጸሎት ያደርሳሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ፣ ከዚያ ውኃው ነው። ስለ ውኃው ቅዝቃዜ ማንም ሰው በቃል ነግሮ ሊያስረዳችሁ አይችልም። ስመለስ ልጁ ነቅቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አልጠየቅኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

በመሃሉ የአባቱ ወንድም ደወለ። «ሁለት ጎረምሳ ቀጥራችሁ ውኃው ውስጥ አስገቡት። በኋላ ራሱ ያመሰግናችኋል» አለኝ። ልጁን ስለሚወደው ነው። «ጋሼ፣ ገላውን ማስገባት ይቻላል፣ ልቡን ግን ማን ተሸክሞ ያስገባዋል?» አልኩት። ተናዶ ዘጋው። በማግስቱ ደግሞ ደወለ። እሺ አላልኩም።

እዚያ እያለን የዋለው እሑድ መጻጉዕ ነበር፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። የሚነበበው ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። ሰውዬው 38 ዓመት ታሟል። ውኃው አጠገብ ተኝቷል፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው አጥቷል። ጌታችን ያየዋል። ብዙ ዘመን እንደቆየ ያውቃል። ከዚያ ምን ይለዋል? «ልትድን ትወዳለህን?»

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን እሑድ ግን እዚያ ሰልፈኛ መሃል ቆሜ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ። 38 ዓመት የተኛ ሰው መዳን ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል? ጌታ ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ነው። ሰውዬው ሳይጠየቅ ቢፈውሰው ማን ይከለክለዋል? ግን ጠየቀው። አምላክ ሆኖ፣ ፈዋሽ ሆኖ፣ አጠገቡ ቆሞ ጠየቀው። ሰውዬው እንኳ ቀጥ ያለ መልስ አልሰጠም። «ሰው የለኝም» ብሎ ብሶቱን ነው የተናገረው። ብሶቱንም እንደ መልስ ቆጠረለት።

መልአኩ ገብርኤል እመቤታችን ዘንድ መጥቶ የነገራትን አስቡ። ታላቁን የምሥራች ካበሠራት በኋላ የእሷም መልስ ነበረ። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ብላ በራሷ አንደበት ተናገረች። የዓለም መዳን በአንዲት ወጣት ልጅ «ይሁንልኝ» ውስጥ አለፈ። እሷን ያላስገደደ አምላክ የእህቴን ልጅ በሁለት ጎረምሳ ያስጎትተዋል ብዬ እንዴት ልመን?

ቅዳሴ ላይም ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል። የተቀመጣችሁ ተነሱ ማለቱ ነው። ያዛል፣ ግን ወርዶ ማንንም አያነሳም። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሳሉ፣ እናት ልጇን አቅፋ ትነሳለች። ያልቻለ ተቀምጦ ይቀራል። እያንዳንዱ የሚነሳው በራሱ እግር ነው።

ማታ ማታ እሳት ዙሪያ ብዙ ወሬ ይወራል፤ የቤቱ አንዱ ጥሩ ነገር ይህ ነው። ከጎጃም የመጣ አንድ የአብነት ተማሪ አብሮን ያድር ነበር፣ ዓይኑን አሞት። የማስበውን ስነግረው ዝም ብሎ አልተቀበለኝም። «አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ያወረዱት ሽባስ? ወንጌሉ ‘እምነታቸውን አይቶ’ ነው የሚለው። የተሸካሚዎቹን እምነት ነው ያየው» አለኝ። ቀጥሎም «አንቺ ራስሽ በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ ማን ጠየቀሽ? እኔስ በ40 ቀኔ?» አለ። ልክ ነው። ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው አጠገቤ ከተቀመጡ እናት ነው። «ያኔ ክርስትና እናቴ መለሰችልኝ። ቃሉን የተቀበለችው እሷ ናት፣ በእኔ ፋንታ። አሁን ግን እሷም ሞታለች። እኔ ነኝ የምመልሰው» አሉ። ተማሪው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሽባው ቆይቶ ራሱ ጨመረበት። አራቱ ሰዎች ጌታ ፊት ድረስ አደረሱት፣ ከዚያ በኋላ ግን «ተነሣ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የተባለው እሱ ነው። አራቱ ተሸክመው አልመለሱትም። ከዚያ ጀምሮ እንዲህ ይሰማኛል፦ እኔ ከአራቱ አንዷ ነኝ። ከጀሞ እንጦጦ ድረስ መሸከም የእኔ ነው። ትከሻዬ ላይ እያለም ልጁ እንቢ የማለት መብት አለው።

ተማሪው በሌላ ማታ ያነሳው ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ አስደነቀኝ። አጋንንት ያደሩበት የጌርጌሴኖኑ ሰውዬ ታሪክ ነው፣ ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ያለው። ያገሩ ሰዎች በሰንሰለት አስረውት ነበር። ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል፣ የእግር ብረቱን ይሰብረዋል። ጌታ ሲመጣ አላሰረውም። ሰውዬው ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ተገኘ። ሁለት ሺህ የሚያህሉ እሪያዎችም ባሕር ገብተው ሞተው ነበር። ያገሩ ሰዎች ይህን ሁሉ አይተውና ሰምተው ፈሩ። ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለመኑት። እሱም ታንኳ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ? አጋንንትን በቃል ያዘዘ፣ ማዕበልን ጸጥ ያደረገ ጌታ፣ ሰዎች «ሂድልን» ሲሉት ሄደ። አልተከራከራቸውም። ግን አልተዋቸውም። የዳነውን ሰው እዚያው አገሩ ላይ ትቶላቸው ሄደ፣ እንዲነግራቸው። እንቢ ያሉትን ሰዎች ፈቃዳቸውን አክብሮ፣ ፍቅሩን ሳይቀንስ።

እማማ ይህን ሁሉ በምዕራፍና በቁጥር አይናገሩም። ማታ ማታ በር ላይ መጥተው የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ከዚህ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ። «በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» ያለውን የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አንድ ነገር እንዳይሳሳትባችሁ። ይህ ቤት ግድ የለሽ ቤት አይደለም። እንቢ ያለውን ሰው እማማ አይረሱትም። በየማታው ተመልሰው መጠየቃቸው ራሱ ቀላል አይደለም። ስንቶቻችን አንድ ጊዜ እንቢ ያለንን ሰው ሁለተኛ በደስታ ፊት እንጠይቃለን? ሁለት ነገር ነው የምናውቀው፦ ወይ እንጎትታለን፣ ወይ እንተዋለን። መሃል ላይ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው። እኔም በየማታው የልጁን መልስ ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር። ዳዊት «ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?» ያለውን ለራሴ እደግመው ነበር። ልጁ ጠበሉ ጋ ባይሄድም እግዚአብሔር የሌለበት ክፍል ውስጥ አልተኛም። ይህ አጽናናኝ።

ስለ መድኃኒት ደግሞ እንደ ባለሙያ ልናገር። በየጠበሉ ቦታ «መድኃኒቱን ጣልና ተጠመቅ» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። እማማ ቤት ይህን የሚል ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም እማማ ማዕድ ቤት ውስጥ ለመድኃኒት የሚሆን የፈላ ውኃ በቴርሞስ ያስቀምጣሉ። የኤች አይ ቪ ቫይረስን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሳይሸማቀቁ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይውጣሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ አስተምረዋል፤ እንጦጦ ላይ ይህን የማያውቅ ካለ ይወቅ። የቫይረሱ መድኃኒት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አንዲት ፍሬ እንኳ አትዝለሉ። መጽሐፈ ሲራክም ለሐኪም የሚገባውን ክብር ስጥ፣ እሱንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው ይላል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 15 ላይ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ዘርጋ የሚል ቃልም አለ። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ውስጥ መሆናቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሰዎቹ ጋር ቀስ በቀስ ተላመደ። ዓይናቸው የማያይ አንድ አባት ከጎናችን ነበሩ፤ ጀሪካናቸውን ይሸከምላቸው ጀመር። ለእሳቸው ብሎ ጠበሉ ድረስ ሄዶ ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ከዚያ አንድ ማታ እማማ ሲመጡ «ያንኳኩ» አላቸው። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሌሊት አንኳኩ። አልተነሳም። እማማም አልደገሙም። ማታ ደግሞ መጡ፣ ስላለፈው ምንም ሳይናገሩ «ነገ ላንኳኳ?» አሉ። «ያንኳኩ» አለ። ተነሳ። ሰልፉ ላይ ቆመ፣ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ተመለሰ። በሌላ ቀን ገባ።

ውኃው ውስጥ ምን እንደተሰማው አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትምም። ሲወጣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጋቢዬን ሰጠሁት፣ ጦስኝ ሻዩን ጠጣ። አሁን ቤቱ ተመልሷል። ሕመሙ አልለቀቀውም፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ክትትሉም አለ። የክፍሉ በር ግን ቀን ቀን ክፍት ነው። አጎቱ «ይኸው፣ ሰርቷል!» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ግን እግዚአብሔርን የማመሰግነው፣ ዘመዶቼ እንደሚሉት ስለ መፈወሱ ሳይሆን፣ ስለዚያ «ያንኳኩ» ስለሚለው ቃል ነው። ያን ቃል ማንም አላወጣለትም። ከራሱ አፍ ነው የወጣው።

የቤቱን ጉድለት አልደብቅም። ሽንት ቤቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለ። ውኃ የሚመጣው ከሮቶ ነው፤ ሲያልቅ አለቀ። ገላ መታጠቢያ የለም። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ሁሌ ግፊያ አለ፤ ፓወር ባንክ ያላችሁ ያዙ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የሚነደው። በሩ ከውጭ ስለማይቆለፍ ዕቃ ጥሎ መውጣት ያሳስባል። እማማ ሳጥን አላቸው፣ ገንዘብና ስልክ ለእሳቸው ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ሁሉም ሰው ይህን ሊወድ አይችልም። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ግቢው አይመችም፣ ቁልቁለትና ድንጋይ ነው። ይህንን እማማ ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል፤ ነግሬያቸዋለሁም፣ «ገንዘብ ሲገኝ» ብለዋል። ማታ ከግቢ አትውጡ፣ ጅብ አለ።

አንድ ዓይነት ሰው ደግሞ እዚህ ቤት አይደሰትም። ልጁን ወይም ሚስቱን አምጥቶ «ጠብቁልኝ፣ በግድም ቢሆን አስጠምቁልኝ» ብሎ ከፍሎ መሄድ የሚፈልግ። እንዲህ ያለ ሰው እኔ እያለሁ መጥቶ ነበር፣ ጥሩ ገንዘብም አቅርቦ ነበር። እማማ «አብረህ እደር፣ ቦታ አለኝ» አሉት። አልፈለገም። ገንዘቡን ይዞ ሄደ። እማማ የዚያን ማታ ብዙ ጸለዩ፤ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ለዚያ ሰው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ወር በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ቦታ አይገኝም፣ የካቲት 16 ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ከበዓሉ አስቀድማችሁ ወይም ሁለት ሦስት ቀን አሳልፋችሁ ውጡ። ወፍራም ጋቢ፣ ካልሲ፣ ባትሪ፣ የራሳችሁን ጀሪካን ያዙ። መድኃኒታችሁን ለምትቆዩበት ጊዜ በሙሉ ቆጥራችሁ ያዙ፤ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ድረስ መውረድ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከቤት ሳትነሱ ጠይቁት፣ መልሱንም ጠብቁ።